አራት ሚሊሜትር፦ የጠፍጣፋ ጣሪያ ልባስና የሕንፃዎቻችን ዕድሜ

ስለ አንድ አዲስ ባለ ፎቅ ሕንፃ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመሠረቱ ጥልቀት፣ የፌሮው ውፍረት፣ የመስታወቱ ዓይነት ወይም የሊፍቱ ፍጥነት ነው። ስለ ጣሪያው ልባስ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ልባሱ ከመንገድ አይታይም፤ ተከራይ ዋጋ አይጨምርበትም፤ በምረቃው ዕለትም እንግዶች ወጥተው አይጎበኙትም። ይሁን እንጂ በብዙ ሚሊዮን ብር የተሠራውን ሕንፃ ከክረምቱ ዝናብ የሚለየው ውፍረቱ ከአራት ሚሊሜትር እምብዛም የማያልፍ ይህ ስስ ንጣፍ ነው። ንጣፉ ሥራውን ሲያቆም ወሬው የሚሰማው ከላይኛው ፎቅ ነው፤ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል፣ የግድግዳው ቀለም ይላጣል፣ ከመብራቱ ሥር ባልዲ ይቀመጣል።

ይህ ሁኔታ ከሰኔ እስከ መስከረም በየዓመቱ ይደጋገማል። የሚሰጠውም መልስ እንዲሁ ይደጋገማል፤ "ዕቃው ጥራት የለውም፤ የተሻለ ከውጭ ይምጣ" ይባላል። በእኛ አስተያየት ግን የችግሩ ሥር ከዚህ ጠለቅ ይላል። የጣሪያ ልባስ እንደ ጫማ ሶል እያገለገለ የሚያልቅ ነገር ነው። የሚያልቅበትን ፍጥነት የሚወስኑት የጣሪያው ተዳፋት፣ የመጋጠሚያዎቹ አሠራር፣ ልባሱ ከፀሐይ የሚያገኘው ከለላና የሚደረግለት ክትትል ናቸው። እነዚህ ደግሞ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ሳይሆኑ በዕውቀትና በጥንቃቄ የሚገኙ ናቸው። ውድ አንባብያን ሐሳባችንን እንዲመዝኑት በቅድሚያ ሳይንሱን በአጭሩ እናቀርባለን።

ኮንክሪት ውኃ ያሳልፋልን?

በአገራችን ለዘመናት ያገለገለው የሣር ክዳን ቤት ውኃ የማያሳልፍ ነገር አልተነጠፈበትም። እያንዳንዱ የሣር ዘለላ ብቻውን ዝናብ አያግድም፤ ነገር ግን ክዳኑ ጥሩ ተዳፋት ስላለው ጠብታው ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ከዘለላ ወደ ዘለላ እየተላለፈ ይወርዳል። ቆርቆሮም የሚሠራው በዚሁ ስልት ነው። መደራረቢያውና የምስማሩ ዙሪያ ፍጹም ድፍን ባይሆኑም ውኃው ቆሞ ቀዳዳ ለመፈለግ ጊዜ አያገኝም። ጠፍጣፋ ጣሪያ ግን ይህን ጊዜ ለውኃው ይሰጠዋል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ጣሪያ የሠራ ሰው ዝናብን ከማውረድ ስልት ዝናብን ወደ ማገድ ስልት ተሸጋግሯል፤ ማገድ ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ አይፈቅድም።

"ሶሌታው ድፍን ኮንክሪት ከሆነ ውኃው በየት በኩል ይገባል?" የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ኮንክሪት ለዓይን ድፍን ይምሰል እንጂ ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ድብልቁ በቀላሉ እንዲፈስስ ሲባል ሲሚንቶው ለመጠንከር ከሚፈልገው በላይ ውኃ ይጨመርበታል፤ ይህ ትርፍ ውኃ ሲተን የነበረበትን ቦታ ባዶ ትቶ ይሄዳል። እነዚህ ቀጫጭን መተላለፊያዎች የኩራዝ ክር ላምባውን እንደሚስብ ሁሉ ውኃን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ከዚህም ሌላ ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሲበርድ ያጥራል። ርዝመቱ 25 ሜትር የሆነ ሶሌታ የ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሙቀት ለውጥ ሲደርስበት አምስት ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። በምሰሶና በግድግዳ ስለተያዘ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል።

ውኃው ወደ ውስጥ ከዘለቀ በኋላ የሚያደርሰው ጉዳት ቀለም በማበላሸት አያበቃም። ጤናማ ኮንክሪት ፒ.ኤች. መጠኑ ከ12 በላይ የሆነ ጠንካራ አልካላይ ነው፤ ይህም በፌሮው ላይ ከዝገት የሚከላከል እጅግ ስስ ሽፋን እንዲፈጠር ያደርጋል። ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓመታት ውስጥ ይህን አልካላይነት ይቀንሰዋል። ከዚያ በኋላ ውኃና ኦክስጅን ካገኘ ብረቱ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፤ አዲሱ ስንጥቅም ተጨማሪ ውኃ ያስገባል። ስለዚህ የጣሪያ ልባስ ጉዳይ ከኮርኒስ አልፎ የሕንፃውን አጥንት የሚነካ ጉዳይ ነው።

ልባሶቹ ምንና ምን ናቸው?

የሰው ልጅ ሬንጅን (ቢቱመንን) ውኃ ለማገድ መጠቀም የጀመረው በጥንት ዘመን ነው። ከአራት ሺህ ዓመታት በፊት በኢንደስ ሸለቆ የነበረችው የሞሄንጆ ዳሮ ከተማ ታላቅ መታጠቢያ ውኃ እንዳያሰርግ በሬንጅ ተለብጦ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በአውሮፓና በአሜሪካ በቅጥራን የተነከረ ወፍራም ወረቀትና ጨርቅ ደራርቦ በማንጠፍ ጠፍጣፋ ጣሪያ መሥራት ተለመደ። የንጹሕ ሬንጅ ድክመት ለሙቀትም ለብርድም አለመመቸቱ ነው። ለግንባታ የሚውለው ተራ ሬንጅ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መላላት ይጀምራል፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ ደርቆ ይሰበራል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአውሮፓ፣ በተለይም በጣሊያን፣ ሬንጁን ከፖሊመር ጋር በማዋሐድ ለዚህ ችግር መፍትሔ ተገኘ። ዛሬ በከተሞቻችን ሕንፃዎች አናት ላይ በጋዝ ነበልባል እየቀለጠ ሲለጠፍ የምናየው ጥቁር ጥቅል የዚያ ግኝት ውጤት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ አሥር ሜትር፣ ውፍረቱ ከሦስት እስከ አራት ሚሊሜትር ይሆናል። በሁለት ዓይነት ይቀርባል። ኤ.ፒ.ፒ. የተባለው ፖሊመር የተጨመረበት ፕላስቲክ መሰል ጠባይ ስላለው ሙቀትን በጣም ይችላል፤ ከ120 ዲግሪ በታች አይፈስስም። ኤስ.ቢ.ኤስ. የተጨመረበት ደግሞ ጎማ መሰል ነው፤ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል። በሁለቱም መካከል ከፖሊስተር ወይም ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ አለ። ሬንጁ ውኃን ሲያግድ ጨርቁ መቀደድን ያግዳል።

ከሬንጅ ቤተሰብ ውጭ ያሉት ልባሶች በአብዛኛው ከሁለት ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጥ ውፍረት ያላቸው አንድ ንብርብር ንጣፎች ናቸው። ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የሚባለው ጥቁር ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ፒ.ቪ.ሲ.ና ቲ.ፒ.ኦ. የሚባሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ነጭ ሆነው የሚመረቱና መጋጠሚያቸው በጋለ አየር የሚበየድ ፕላስቲኮች ናቸው። በጥሩ ሁኔታ የተሠራና የተጠበቀ የሬንጅ ልባስ በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት፣ አንድ ንብርብር የሆኑት ደግሞ ከ20 እስከ 30 ዓመት ያገለግላሉ ተብሎ ይገመታል። ሶሌታው ግን ከ50 ዓመት በላይ እንዲኖር ታስቦ የተሠራ ነው። ከዚህ ንጽጽር የምንረዳው አንድ ሕንፃ በዕድሜው ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ልባስ መቀየር እንዳለበት ነው። ይህን ወጪ ከወዲሁ በዕቅዱ የሚያስገባ የሕንፃ ባለቤት ስንት ይሆን?

ልባስን የሚያስረጁት ኃይሎች

የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ከምድር ወገብም ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ የምትርቅ ከተማ ናት፤ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ በአናቷ ላይ ታልፋለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ጨረር ቆዳችንን እንደሚጎዳ ሁሉ ልባሱንም ይጎዳል። ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። የሞገድ ርዝመቱ 300 ናኖሜትር የሆነ ጨረር በአንድ ሞል 400 ኪሎጁል የሚጠጋ ጉልበት ይዟል፤ በፖሊመር ሰንሰለት ውስጥ ሁለት ካርቦኖችን የሚያያይዘውን ማሰሪያ ለመበጠስ ግን 350 ኪሎጁል ያህል ይበቃል። ሰንሰለቱ ሲበጠስ ኦክስጅን ገብቶ ይጣበቃል፤ ሬንጁ ይደርቃል፤ መልኩም በበጋ የተሰነጣጠቀ የመረሬ ማሳ ይመስላል።

ፋብሪካዎች ለዚህ ያዘጋጁት መከላከያ እንደ ልባሱ ዓይነት ይለያያል። በጥቁሩ ጎማ ውስጥ የሚጨመረው እንደ ጥላሸት የላመ ካርቦን ጨረሩን ገና በላዩ ላይ ይውጠዋል። በነጮቹ ፕላስቲኮች ውስጥ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ጨረሩን ያግዳል። በሬንጅ ልባስ ላይ ደግሞ የደቀቀ ድንጋይ በፋብሪካ ይረጫል፤ ወይም ከተነጠፈ በኋላ የአሉሚኒየም ቀለም ይቀባል፤ ወይም ጠጠርና ንጣፍ ድንጋይ ይደረብበታል። ያለ አንዳች መከላከያ እርቃኑን ለደጋ ፀሐይ የተተወ ጥቁር ሬንጅ ግን ዕድሜውን በገዛ እጃችን እናሳጥረዋለን።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ጥቁር ጣሪያ ከሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ከ90 በመቶ በላይ ስለሚውጥ በጠራራ ቀን ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊሞቅ ይችላል። አዲስ ነጭ ልባስ በአንጻሩ 80 በመቶ ያህሉን መልሶ ይልካል፤ ሙቀቱም ከጥቁሩ ከ25 ዲግሪ በላይ ሊያንስ ይችላል። ኬሚስቶች ዘወትር የሚጠቀሙበት ግምታዊ መመሪያ የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብዙ ኬሚካላዊ ለውጦች ፍጥነት በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር ያስረዳል። እንግዲህ ልባሱን ማቀዝቀዝ እርጅናውን ማዘግየት ነው። በድሬዳዋ ወይም በሠመራ ነጭ ጣሪያ ከልባሱ በተጨማሪ በውስጡ የሚኖረውን ሰውም ያቀዘቅዛል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ዋናው ጥቅሙ ለልባሱ ለራሱ ነው። ነጩ ቀለም በአቧራ ሲሸፈን ብርሃን የመመለስ አቅሙ ስለሚቀንስ በየጊዜው መታጠብ እንዳለበት መዘንጋት የለበትም።

ሦስተኛው እንቅስቃሴ ነው። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ጣሪያ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር የባሰ ይቀዘቅዛል፤ በማግሥቱ ቀትር ደግሞ ይግላል። ከሥሩ ያለው የሶሌታ ስንጥቅ በዚህ መካከል ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከሶሌታው ጋር ሙሉ ለሙሉ የተጣበቀ ልባስ ሲኖር ምንም ክፍተት ያልነበረው ስንጥቅ ወደ አንድ ሚሊሜትር ቢከፈት በዚያች ጠባብ መስመር ላይ ያለው ልባስ ብቻ መላውን መለጠጥ ይሸከማል። ጎማ መሰሉ ልባስ ይህን የሚችለው ለዚህ ነው። ገና ከጅምሩ በስንጥቅና በመጋጠሚያ ላይ ሳይጣበቅ የሚያልፍ ተጨማሪ ቁራጭ ማንጠፍም ጫናውን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያከፋፍለዋል።

አራተኛው የቆመ ውኃ ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ስፋቱ 500 ካሬ ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል 15,000 ሊትር ውኃ መውረጃ ይፈልጋል። አምስት ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ በ20 ካሬ ሜትር ላይ ቢቆም አንድ ቶን ይመዝናል። ክብደቱ ሶሌታውን በጥቂቱ ያጎብጠዋል፤ የጎበጠውም ቦታ ተጨማሪ ውኃ ይሰበስባል። ኩሬው አቧራ ያከማቻል፤ አልጌ ያበቅላል፤ ቀዳዳ ካገኘም ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለቀናት ሲያንጠባጥብ ይቆያል። በዓለም አቀፍ ልምድ ዝናብ ካቆመ ከ48 ሰዓት በኋላ ጣሪያ ላይ የቀረ ውኃ የአሠራር ጉድለት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ እንዳይሆን ሁለት በመቶ ያህል ተዳፋት ይበቃል፤ በአሥር ሜትር ርቀት 20 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ጠፍጣፋ ጣሪያ የምንለው ነገር በእውነቱ ጠፍጣፋ መሆን የለበትም።

አምስተኛው የሰው እግርና መሣሪያ ነው። የሕንፃዎቻችን አናት የውኃ ታንከር፣ የሳተላይት ዲሽ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳና የስልክ አንቴና የሚቆምበት ሜዳ ሆኗል። ዲሽ ለመትከል የመጣ ሠራተኛ በድሪል አራት ቀዳዳ ከበሳ የልባሱን ሥራ በአራት ቦታ አስቁሞታል። ጥፋቱ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ሲጀመር ለዕቃው ማቆሚያ መሠረት፣ ለሰውም መተላለፊያ ንጣፍ ያላዘጋጀው ንድፍ ጥፋት ነው።

ውኃው የሚገባው የት ነው?

ስለ ልባስ ሲወራ ዓይን የሚያርፈው በሰፊው ንጣፍ ላይ ነው። ውኃ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገባው ንጣፉ በሚያልቅበት፣ በሚታጠፍበትና ከሌላ ነገር ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ነው። ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ ሜትር በአሥር ሜትር የሆነው ጥቅል በጎኑ አሥር፣ በጫፉ አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ያህል መደራረብ አለበት። ስለዚህ 500 ካሬ ሜትር ለመሸፈን ከ55 በላይ ጥቅሎች ያስፈልጋሉ፤ የመጋጠሚያዎቹም ርዝመት ሲደመር ከግማሽ ኪሎሜትር ይበልጣል። ይህ ሁሉ መስመር በአንድ ወይም በሁለት ሠራተኞች እጅ፣ በነበልባል ፊት፣ ብዙ ጊዜም የርክክብ ቀን ደርሶ በጥድፊያ የሚጣበቅ ነው። እሳቱ ሲያንስ ሬንጁ ሳይቀልጥ ይቀራል፤ ሲበዛ የውስጡ ጨርቅ ይቃጠላል። በትክክል የተሠራ መጋጠሚያ ከጠርዙ ጥቂት የቀለጠ ሬንጅ ወጥቶ ይታይበታል። ፋብሪካው ያመረተው ልባስ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በዚህች ቅጽበት ሊበላሽ ይችላል።

ከዚያ ቀጥሎ የፓራፔቱ ሥር፣ የውኃ መውረጃው አፍና ቧንቧ የሚወጣበት ቀዳዳ ይመጣሉ። በፓራፔቱ ሥር ልባሱ በዘጠና ዲግሪ ሲታጠፍ ስለሚጎዳ ማዕዘኑ አስቀድሞ በሲሚንቶ መሞላት፣ ልባሱም በግድግዳው ላይ 15 ሴንቲሜትር ያህል ወጥቶ ጫፉ በብረት መታሰር ይኖርበታል። በነፋስ ጊዜም ወደ ላይ የሚስበው ኃይል የሚበረታው በጣሪያው ጠርዝና ማዕዘን ላይ ነው። የውኃ መውረጃው ደግሞ በቅጠልና በፌስታል ከተደፈነ የተቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከታች ሆኖ ቀዳዳውን መፈለግም አስቸጋሪ ነው፤ ውኃ በአንድ ቦታ ገብቶ በሶሌታው ላይ ሜትሮችን ተጉዞ በሌላ ቦታ ስለሚወርድ ባልዲው ያለበት ቦታ የቀዳዳውን ቦታ አያመለክትም።

ከላሊበላ የምናገኘው ትምህርት

ልባስ ውኃን ከውጭ ሲያግድ ከውስጥ ያለውንም ያግዳል። እርጥብ ሶሌታ ላይ የተለጠፈ ሬንጅ በማግሥቱ ፀሐይ ሲያገኘው ከሥሩ የታፈነው እርጥበትና አየር ይሞቅና ይስፋፋል፤ ልባሱም ያብጣል። እብጠቱ ሲረገጥ ይፈነዳል። "በፀሐይ ስለለጠፍነው ደርቋል" ማለት አይበቃም፤ ሶሌታው ከውስጥ መድረቁ መረጋገጥ አለበት።

ለዚህ ነገር በአገራችን ያለው ታላቅ ምሳሌ ላሊበላ ነው። ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩበት እሳተ ገሞራ አመጣሽ ድንጋይ ቀዳዳማ ነው፤ ዝናብ ጣሪያቸው ላይ እየሰረገ ለዘመናት ጎድቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህን ለማስቆም ታስቦ አንዳንዶቹ በሬንጅ ተለብጠው በላዩ ላይ ቀይ ቀለም ተቀቡ። የሐሳቡ ቅንነት አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ውኃን የማያሳልፍ ልባስ በሚተነፍስ ዓለት ላይ ሲለጠፍ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ በመራው የጥገና ሥራ ያ ሽፋን እንዲነሣ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ አንዳንዶቹን አብያተ ክርስቲያናት የሚያጠልሉ ትልልቅ መጠለያዎች ተተከሉ፤ እነርሱም በበኩላቸው ስለ ክብደታቸውና ስለ ነፋስ ጫና ክርክር አስነሥተዋል። ከዚህ የምንማረው ማናቸውም መከላከያ ከሚከላከለው ነገር ጠባይ ጋር መስማማት እንዳለበት ነው። ለኮንክሪት የሚበጀው ለዓለት ላይበጅ ይችላል። በልባሶቹ መካከልም ቢሆን እንዲህ ነው፤ ፒ.ቪ.ሲ.ን በአሮጌ ሬንጅ ላይ በቀጥታ ያነጠፈ ሰው የፒ.ቪ.ሲ.ው ማለስለሻ ቅባት ወደ ሬንጁ እየሄደ ልባሱ ሲደርቅ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ በውስጣቸው ጨርቅ ያልነበራቸው አንዳንድ የፒ.ቪ.ሲ. ጣሪያዎች ማለስለሻቸው ስላለቀ ተኮማትረው፣ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥረው፣ በብርድ ቀን እንደ መስታወት ተሰነጣጥቀዋል።

"ቆርቆሮ እናልብሰው"

በከተሞቻችን የተለመደው መፍትሔ የሚያፈስሰውን ሶሌታ በቆርቆሮ ጣሪያ መሸፈን ነው። ይህን ሐሳብ የምናጣጥል አይደለንም። ቆርቆሮ በአገር ውስጥ ይገኛል፤ ሠራተኛው ያውቀዋል፤ ከላይ የጠቀስነውን ዝናብን የማውረድ ስልት መልሶ ያመጣል፤ ልባሱንም ከፀሐይ ይከልላል። ተዳፋቱ ፈጽሞ የተበላሸ ጣሪያ ሲያጋጥም ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

የምንቃወመው ሐሳቡ ያለ ምርመራ ሲተገበር ነው። ቆርቆሮውን የሚሸከሙት ብረቶች በሶሌታው ላይ ሲታሰሩ አሮጌውን ልባስ በብዙ ቦታ ይበሱታል። ውኃው አሁን በአሸንዳ ስለሚወርድ የአሸንዳው ስፋትና ጽዳት አዲሱ ጭንቀት ይሆናል። የነፋሱ ኃይል በትክክል ካልተሰላ ቆርቆሮው ይገነጠላል። በቀዝቃዛ ሌሊት ከቆርቆሮው ሥር የሚጠራቀመው ጤዛም ወደ ሶሌታው ይንጠባጠባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለት ጣሪያ መሥራት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። በመጀመሪያው ግንባታ ለተዳፋትና ለጥሩ ልባስ ጥቂት ገንዘብ መቆጠብ የፈለገ ሰው "ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የሚለው ተረት ይደርስበታል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ባቀረብነው መሠረት የሚከተሉትን አስተያየቶች እንሰነዝራለን።

አንደኛ፣ ተዳፋቱ በንድፍ ወረቀት ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ ልባሱ ከመነጠፉ በፊትም በቦታው ይለካ። ልባስ ከተነጠፈ በኋላ ተዳፋት ማስተካከል እጅግ ውድ ነው።

ሁለተኛ፣ ርክክብ በዓይን ብቻ አይሁን። መውረጃዎቹን ደፍኖ፣ ሶሌታው ክብደቱን መሸከሙን አስልቶ፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ውኃ ለ24 ሰዓት በማቆም ጣሪያውን መፈተን ይቻላል። ይህ ፈተና ከውኃና ከትዕግሥት በስተቀር ብዙም አይጠይቅም። ውኃ ኤሌክትሪክን ሲያስተላልፍ ልባሱ ግን የማያስተላልፍ በመሆኑ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ቀዳዳን የሚያገኙ መሣሪያዎችም አሉ፤ የፊዚክስ ተማሪዎቻችን መርሁን በቀላሉ የሚረዱት ነው።

ሦስተኛ፣ ጣሪያ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታይ፤ በግንቦት ዝናቡ ሳይገባ፣ በጥቅምት ዝናቡ ከወጣ በኋላ። መውረጃው ይጠረግ፤ መጋጠሚያው ይነካ፤ እብጠቱ ይመዝገብ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የጣሪያው በር ቁልፍም ኃላፊነት በሚሰማው ሰው እጅ ይሁን፤ ማንም ወጥቶ የሚበሳውን ሳይጠየቅ አይብሳ።

አራተኛ፣ በየዓመቱ ከኪራይ ገቢ ወይም ከበጀት ለልባስ መቀየሪያ የሚሆን ገንዘብ ይቀመጥ። ይህ በተለይ ለሕዝብ ሕንፃዎች፣ ለሆስፒታሎች፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ ሙከራዎች አስፈላጊ ነው። እነዚህ ተቋማት ግድግዳቸው ቢበላሽ ይጠገናል፤ በውኃ የተበላሸ መጽሐፍና መሣሪያ ግን ተመልሶ አይገኝም።

አምስተኛው ለእኛ ለሳይንስ ፋኩልቲዎች የሚመለከት ነው። በጥቅሎቹ ላይ የምናነባቸው የጥራት ማረጋገጫዎች በአብዛኛው በአውሮፓና በአሜሪካ ደረጃዎች መሠረት፣ በመሣሪያ ውስጥ በተፋጠነ ፈተና የተገኙ ናቸው። ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን የ2,300 ሜትር ፀሐይን፣ የአራት ወር ዝናብንና የስምንት ወር በጋን በትክክል አይወክሉም። በዩኒቨርሲቲ ሕንፃ አናት ላይ ዘንበል ያለ የእንጨት መደርደሪያ ሠርቶ፣ በገበያ የሚገኙ ልባሶችን ቁራጭ ደርድሮ፣ በየዓመቱ አንዳንድ ቁራጭ እያነሡ ምን ያህል እንደሚታጠፍ፣ ምን ያህል እንደሚለጠጥና ክብደቱ ምን ያህል እንደቀነሰ መለካት ይቻላል። ዲሬዳዋንና ሐዋሳን የመሰሉ ከተሞች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ይህንኑ ቢያደርጉ ከአሥር ዓመት በኋላ የቆላው፣ የወይናደጋውና የደጋው ልዩነት በራሳችን ቁጥሮች ይታወቃል። ገዢውም አማካሪ መሐንዲሱም በሻጭ ቃል ፋንታ በመረጃ ይመርጣሉ። ለኬሚስትሪና ለፊዚክስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍም የሚሆን ርዕስ ነው።

አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ። የጣሪያ ልባስ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ምክር አይፈልግም። ዛሬ የምንሠራቸው ሕንፃዎች ልጆቻችን የሚማሩባቸው፣ የሚታከሙባቸውና የሚነግዱባቸው ናቸው። ያወረስናቸው ሕንፃ ጤናማ አጥንት እንዲኖረው ከፈለግን በቅድሚያ ቆዳውን እንጠብቅ እንላለን።